የሚሟሟው ስቴንትና ሕመም የማይሰማው ልብ



«ስቴንት ገብቶለት ድኗል» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ስቴንት መሠራቱን የሰሙ ሰዎችም ፋርማሲ መጥተው ይጠይቁናል። ለመሆኑ ስቴንት በሽታውን ያድናል ወይ? መልሱ በግልጽ የሚታየው የልብ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ በዚህ እትም ስለ እነርሱ እንማማራለን። (የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዲሱ ልብ ለምን ይታመማል?

ከሰው ወደ ሰው የተደረገው የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ በ1967 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የተከናወነው ነው። ሕመምተኛው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ አልሐምዱሊላህ። በሸሪዓ በኩልም በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ መስፈርቶቹ ከተሟሉ የአካል ንቅለ ተከላ እንደሚፈቀድ ወስኗል።

ሆኖም ሰውነታችን የተተከለውን ልብ እንደ ባዕድ ያየዋል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ልቡን ራሱን የሚመግቡትን ደም ወሳጅ ስሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የደም ግፊት ሲታከሉበት ጉዳቱ ይብሳል። የስሮቹ ግድግዳ እየወፈረ የደሙ መተላለፊያ ይጠባል። ከንቅለ ተከላው 10 ዓመት በኋላ ይህ ችግር ግማሽ በሚጠጉት ሰዎች ላይ ይታያል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ዝምታው ነው። ልቡ ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ሌላው የልብ ሕመምተኛ የሚሰማው የደረት ውጋት በብዙዎቹ ላይ አይሰማም። ምልክቱ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጭራሽ ምንም ሳይሰማው በሽታው ይጠናበታል። ሐኪሞች ሕመምተኛው ደህና ነኝ እያለ እንኳ በቀጠሮ የልብ ደም ስር ምርመራ (አንጂዮግራፊ) የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

የሚሟሟው ስቴንት ተስፋና ውጤት

ስቴንት እንደ ወንፊት የተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ገብቶ የጠበበውን ስር በፊኛ ከፍቶ ይደግፈዋል። የተለመደው ከብረት የሚሠራ ሲሆን ዕድሜ ልክ በስሩ ውስጥ ይቀራል።

የሚሟሟውን የሠሩት ባለሙያዎች ሐሳብ ግን ኮንክሪት እስኪደርቅ እንደሚቆምና ከዚያ እንደሚነሳ የእንጨት ድጋፍ ነበር። አብዞርብ የተባለው ስቴንት ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራ ሲሆን በ3 ዓመት ገደማ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ያልቃል። የተለበጠው ደግሞ ኤቨሮሊመስ በሚባል መድኃኒት ነው። ይኸው መድኃኒት በእንክብል መልክ ሰውነት የተተከለውን አካል እንዳይቃወም ይሰጣል። በተደጋጋሚ ሕክምና ለሚያስፈልገው የተተከለ ልብ ብረት ሳይተው የሚጠፋ ስቴንት የሚስማማ መስሎ ስለታየ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል።

በ2016 አሜሪካ ለልብ ሕመምተኞች ፈቀደችው። ነገር ግን የአብዞርብ ዘንጎች ከብረቱ ይልቅ ወፍራም ስለነበሩና በሌሎችም ምክንያቶች ደም በውስጡ የሚረጋባቸው ሰዎች በብረቱ ከታዩት በለጡ። ኩባንያው በ2017 ሽያጩን አቆመ። ምርምሩ ግን አልቆመም፤ በ2024 ተመሳሳይ ስቴንት ከጉልበት በታች ላሉ የእግር ደም ስሮች በአሜሪካ ተፈቅዷል። ለተተከለ ልብ በብዛት የሚገባው ግን በመድኃኒት የተለበጠው የብረት ስቴንት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ብረቱም ሆነ የሚሟሟው የሚከፍተው የጠበበውን አንድ ቦታ ብቻ ነው። የተተከለ ልብ በሽታ ደግሞ በስሩ ርዝመት ሁሉ ይሰራጫል፤ ስቴንት ወደማይደርስባቸው ቀጫጭን ቅርንጫፎችም ይገባል። ስለዚህ በሽታውን የሚገታው በየቀኑ የሚወሰደው መድኃኒትና ክትትሉ ነው።

ከፋርማሲ የሚሰጥ ምክር

ከ2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሰጠት ጀምሯል። የኩላሊትም ሆነ የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ተቀራራቢ ስለሆነ ምክሩ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል።

1. መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥ። ደህንነት የተሰማን መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። ስቴንት የገባለት ሰው አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢያቆም ስቴንቱ በድንገት ሊዘጋና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

2. ሌላ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የንቅለ ተከላውን መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ በጣም ይቀንሰዋል። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ይጨምረዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ። ግሬፕ ፍሩትም የመድኃኒቱን መጠን ስለሚጨምር መተው አለበት።

3. ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ። ሱንናን መውደዳችሁ ሐኪሙን ከማማከር አያግዳችሁም፤ የምትወስዱትን ሁሉ ካላወቀ መጠኑን ማስተካከል አይችልም።

4. ስለ ረመዷን ቀድማችሁ ተማከሩ። ታክሮሊመስን የመሰለ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በ12 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ላይገጥም ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ፆምን አግርቶለታል። ሐኪማችሁ አትፁሙ ካላችሁ ምክሩን ተቀብላችሁ ስለ ቀዷእና ፊድያ ዓሊሞችን ጠይቁ። እየፆሙ መድኃኒቱን በድብቅ መዝለል ግን ነፍስን ለአደጋ መጣል ነው።

5. ቤተሰብ የቀጠሮውን ቀን ይያዝ። «ምንም አላመመኝም» ማለት ለእነዚህ ሰዎች ማስረጃ አይሆንም።

ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ሺፋእ ከአላህ ነው። የታመሙትን ሁሉ አላህ አፊያ ያልብስልን። አሚን።