የአባት ተዝካር

በእኛ ዘንድ አባት የሞተበት ሰው አርባውንና ሙት ዓመቱን ቆጥሮ፥ ካህናቱንና ነዳያኑን አብልቶ ሲጨርስ፥ የልጅነት ዕዳውን አሟጦ የከፈለ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነውና፥ አባትን ማሰብ ከድግሱ ባሻገር በምን ሥራ እንደሚገለጥ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ከሥርዓታችን እጅግ ርቆ የኖረውን የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳንን ታሪክ ቢመረምር ይጠቀማል እላለሁ።

አባቱ ጄምስ ጆርዳን በሰሜን ካሮላይና፥ በዊልሚንግተን ከተማ፥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ከፎርክሊፍት ነጂነት ተነሥቶ እስከ ተቆጣጣሪነት የደረሰ፥ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር። ከፋብሪካው ተመልሶ በመኪና ሞተር ላይ አጎንብሶ፥ ምላሱን በከንፈሩ መካከል አውጥቶ ብሎን ሲያጠብቅ፥ ትንሹ ማይክል መፍቻ እንዲያቀብለው ይታዘዝና የቱ የቱ እንደ ሆነ መለየት ስለሚሳነው ያልተጠየቀውን ያቀብላል፤ አባትየውም ተናዶ፥ ቤት ገብተህ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥ ብሎ እንዳባረረው ይተረካል። ይህ ንግግር አባትን የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ያው ቁጡ ሰው በጓሮው የቅርጫት ኳስ መጫወቻ አበጅቶ ነበርና፥ ማይክል በዚያ ሜዳ ላይ በታላቅ ወንድሙ በላሪ ደጋግሞ እየተሸነፈ፥ በሽንፈቱም እልክ እየተጋባ አደገ። መፍቻ መለየቱን ከአባቱ አልተማረም፤ ምላስ ማውጣቱን ግን ሳያውቀው ወረሰ፤ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል ዓለም ሁሉ ያየው ያ ምላስ፥ ከዚያ ከዘይትና ከግራሶ መካከል የመጣ ነው።

ልጁ ስመ ጥር ከሆነ በኋላም አባትየው ከጎኑ አልራቀም። በ1991 እ.ኤ.አ. ማይክል የሚጫወትበት ቡድን ቺካጎ ቡልስ የመጀመሪያውን ዋንጫ በወሰደበት ሌሊት፥ ማይክል ዋንጫውን አቅፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፥ ከአጠገቡ ተቀምጦ የነበረው እርሱ ነው።

በሐምሌ 1993 እ.ኤ.አ. ግን ጄምስ ጆርዳን ከአንድ ባልደረባው ቀብር ሲመለስ፥ እንቅልፍ ተጫጭኖት መኪናውን ከአውራ ጎዳና ዳር አቁሞ ባረፈበት፥ በ56 ዓመቱ በወንበዴዎች ጥይት ተገደለ፤ አስከሬኑም በደቡብ ካሮላይና ረግረግ ውስጥ ተገኘ።

ልጁም በጥቅምት ወር ቅርጫት ኳስን ተወ፤ በማግሥቱም ዓመት፥ አባቱ ከሁሉ አብልጦ ይመኝለት የነበረውን ቤዝቦል፥ በ31 ዓመቱ፥ በበርሚንግሃም ከተማ በዝቅተኛ ሊግ ሊጫወት ሄደ። ኳሱን ለመምታት ካደረገው 436 ሙከራ የቀናው 88ቱ ብቻ ስለ ነበረ ጋዜጦች ተሳለቁበት። እኔ ግን፥ በሙያው ከሁሉ በላይ የነበረ ሰው፥ የሙት አባቱን ምኞት ለመፈጸም ሲል ራሱን ከጀማሪዎች በታች ዝቅ ማድረጉን፥ ሰንጋ ከተጣለበት ተዝካር አላሳንሰውም። (አንባቢዬ ሆይ፥ አባትህ በሕይወት ካለ፥ ለአንተ ምን ይመኝ እንደ ነበር ዛሬውኑ ጠይቀው፤ ማይክል የአባቱን ምኞት ያወቀው ከቀብር በፊት ስለ ተነጋገሩ ነው።)

በመጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. ወደ ቅርጫት ኳስ ሲመለስ፥ በቀድሞው በ23 ቁጥር ፋንታ 45ን ለበሰ፤ 23ን አባቱ በመጨረሻ ያየው ቁጥር ነው ብሎ ነበርና። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ 23 ተመለሰ። በዓመቱም፥ ሰኔ 16 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.፥ ቡልስ ሲያትልን 87 ለ 75 አሸንፎ አራተኛውን ዋንጫ ሲወስድ፥ ቀኑ በአሜሪካ የአባቶች ቀን ነበረ። ባልደረቦቹ ሲፈነጥዙ፥ ማይክል ኳሷን ይዞ ወደ ልብስ መለወጫው ክፍል ሮጠና፥ ከወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፥ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከአጠገቡ የተቀመጠ አልነበረም።