የ1850 ዓ.ም. ድንበር፦ የኢትዮጵያ የቅርስ ሕግ ከዘመን ቆጠራ ወደ ፋይዳ ምዘና

ጥንታዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ በኢትዮጵያ ከወጡት ራሳቸውን የቻሉ ሕጎች መካከል ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1966 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 229 ነው። አዋጁ ለጥንታዊ ቅርስ የሰጠው ትርጓሜ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራን ማናቸውንም ግንባታ፣ የሰው እጅ ሥራ፣ እንዲሁም ታሪካዊ ወይም አርኪዮሎጂያዊ ጠቀሜታ ያለውን ዕቃ የሚያካትት ነበር። ከዚህ ዓመት ወዲህ የተሠራ ነገር፣ የቱንም ያህል ታሪክ ቢሸከም፣ በትርጓሜው አይታቀፍም።

ድንበሩ ቀረብ ብሎ ሲመረመር እንግዳ ነው። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. በመሆኑ የአንዱን ንጉሥ ዘመን ለሁለት ይከፍላል። የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር አብያተ መንግሥታት ያለ ክርክር ይጠበቃሉ፤ በጋፋት ተሠርቶ እስከ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል መድፍ ግን ከትርጓሜው ውጭ ይቀራል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመቀሌ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም ዕጣው ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ የተጎዳችው ግን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው መዲና ናት። የየካውን ዋሻ ሚካኤል የመሰለ ከከተማዋ የቀደመ ቅርስ ካልሆነ በቀር፣ የምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በሙሉ በሕጉ ዓይን ጥንታዊ አልነበረችም።

ሆኖም ቁርጥ ያለ ዓመት አንድ ችላ ሊባል የማይገባው ጠቀሜታ ነበረው። ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን ለመለየት ዘመኑን ማረጋገጥ ይበቃ ነበር፤ ስለ ውበቱ ወይም ስለ ታሪካዊ ክብደቱ መከራከር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አዋጅ ቁጥር 36 የቀድሞውን ተካ። እሱም በተራው በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ተሻረ። ይህ ሦስተኛው አዋጅ ቅርስን የሚተረጉመው በዘመን ገደብ ሳይሆን በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በሥነ ጥበባዊ ይዘቱ ባለው ከፍተኛ ፋይዳ ነው፤ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ይጨምራል። በዚህም የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች የጥበቃ በር ተከፈተላቸው።

በሩ ቢከፈትም መግቢያው ቀላል አልሆነም። ፋይዳ በዓይን አይነበብም፤ መርምሮ የሚወስን አካል ይሻል። አንድ ቤት እስኪጠናና እስኪመዘገብ ድረስ በተግባር የሚታየው እንደ አሮጌ ቤት ነው። ችግሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይበልጥ ይገዝፋል፦ አዋጁ ቅርስን ሆን ብሎ ያጠፋን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተከሳሹ ግን ያፈረሰው ነገር ከፍተኛ ፋይዳ እንዳለው አላወቅሁም ቢል፣ ያልተመዘገበን ቤት በተመለከተ መከራከሪያው ባዶ አይደለም። የግሪክ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ እስከ 1830 ድረስ የተሠሩትን የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲህ ላሉት ደግሞ ተለይተው እንዲሰየሙ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕግ ፋይዳን ሲያስገባ ዘመንን ጨርሶ ባያስወጣ ኖሮ ሁለቱንም ጥቅሞች ባገኘ ነበር።

ሌላው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ እጅ ሊገኝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱም በራሱ ወጪ እንዲጠብቀውና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠግነው ያዛል። በአዲስ አበባ ግን ከመኳንንቱና ከነጋዴዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው ለቀበሌና ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላልፈዋል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም በመሆኑ ጠባቂው የታወቀ ነው። በአንድ ነባር ቤት ውስጥ በየክፍሉ ተከፋፍለው የሚኖሩ ተከራዮች ግን ባለቤት አይደሉም፤ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ቢለውጡ ፈቃድ አልጠየቁም ይባላሉ፤ ባይለውጡ ቤቱ ይበሰብሳል። የአንቀጾቹ አነጋገር ባለቤትን እንጂ እነዚህን ሰዎች ታሳቢ ያደረገ አይመስልም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተካሄደው ሰፊ ፈረሳም ነዋሪዎቹን ያገኛቸው በዚሁ ሁኔታ ላይ እንዳሉ ነው።