የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛው ትምህርት? ለእረፍት ስንመለስ ለሚጠይቁን ታናናሾቻችን



የብዙዎቻችን ቤተሰብ ያለው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። ለእረፍት ስንመለስ ሻንጣችንን ሳናወርድ የጎረቤት ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ ይመጣል። «ወንድሜ፣ የቱን ልሙላ?» ይላል። እኛም «አዲስ አበባን አስቀድም፣ ከዚያ የሚቀርብህን» ብለን እንሸኘዋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር የተጠየቀ ሰው አደራ እንደተቀበለ አስተምረውናል። ስለዚህ መልሳችን ትንሽ ይታሰብበት።

ቅርበትን በተመለከተ ሦስቱ ከተሞች በሦስት መንገዶች ላይ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ ናት፤ በዚያው መስመር የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ወሊሶ ካምፓስ፣ ወልቂጤና ጅማ ይገኛሉ። የቡራዩ መንገድ ወደ አምቦና ወለጋ፣ የሱሉልታው ደግሞ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ፍቼ ይወስዳል። አምቦ፣ ወሊሶና ፍቼ ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቁም፤ ጅማ ግን 350 ያህል ነው። የታመመች እናት ያለችው ልጅ ቅርብ ቢመርጥ በቂ ምክንያት አለው። በየሳምንቱ የቤት ወጥ ለመብላት ብሎ ቅርብ የሚመርጠው ግን ቅዳሜና እሑድ ቤተ መጻሕፍት የማይገባ ተማሪ ሊሆን እንደሚችል እንንገረው። (ከመካከላችን ይህን የምናውቅ አለን።)

መሙላትና መመደብ አንድ አለመሆናቸውንም እናስረዳ። ምደባው ውጤትንና የቅበላ አቅምን ያያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ፣ ተማሪው በአብዛኛው ወደ ትምህርት ክፍል የሚገባው ከዚያ በኋላ በሚያመጣው ውጤት ነው። በሰፈር «ዶክተሩ» እየተባለ የተሸኘ ልጅ ገና ዶክተርነት አልጀመረም፤ ሕክምና የሚያስገባውን ውጤት የሚያመጣው በመጀመሪያው ዓመት በሚያነበው ነው።

ትምህርቱን ስንመርጥ ሁላችንም ወደ ሁለትና ሦስት ስሞች እንጋፋለን። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋል፤ እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትንም ጨምረዋል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጎርፍ አንዳንድ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውን ወቅሰዋል። ዛሬ ግፊያው ወደ ሌላ በር ዞሯል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሰበታን እንይ። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያ ነው፤ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። የሰበታ ልጅ ግን የእንስሳት ሕክምናን የሚሞላው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከቤቱ በታክሲ የሚደርስበትን ላቦራቶሪ ሌላው ከሩቅ መጥቶ ይሠራበታል። ሄዶ «እዚህ የሚቀጠር ሰው ምን የተማረ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

አካውንቲንግን «ወለድ ውስጥ እገባለሁ» ብለው የሚተዉ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ ባንክ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ትምህርቱንና የሥራ ቦታውን ለይተን፣ የከበደንን ኡስታዞችን እንጠይቅ።

በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፍ የከፈቱ የግል ኮሌጆችን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። የሚማሩት ትምህርት፣ በሚማሩበት ካምፓስ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ደካማ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው ጉዳቱ ግልጽ የሚሆነው ያን ቀን ነው፤ የአባቱ ገንዘብ ግን ቀድሞ አልቋል።

ከባዱ ግን ቤት ውስጥ ያለው ነው። አንድ የቡራዩ ወንድማችን አባቱ ኢንጂነር እንዲሆን ይሹ ነበር፤ እሱ ሒሳብ አይሆንለትም፣ ልቡ ነርሲንግ ላይ ነው። ፈርቶ ዝም አለና አባቱ ያሉትን ሞላ። ሁለት ሴሚስተር ከወደቀ በኋላ ነው አጎቱ የነገሩላቸው። አባትየው ያዘኑት ልጁ በመረጠው አልነበረም፤ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ነበር ያሉት። ለወላጅ በጎ መዋል እውነቱን በአክብሮት መንገርንም ይጨምራል። ራስ ካልቻሉ አጎትን፣ አክስትን ወይም የመስጂዱን ኢማም መላክ የኖረ መንገዳችን ነው።

ኢስቲኻራም ሕልም መጠበቅ አይደለም። መረጃ ሰብስበን፣ ሰው አማክረን፣ ልባችን ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሁለት ረከዓ ሰግደን ዱዓውን እናደርጋለን፤ ከዚያ እንሞላለን። ታናናሾቻችን ይህን ምርጫው ሊዘጋ አንድ ሌሊት ሲቀር ሳይሆን አሁኑኑ እንዲጀምሩ እናሳስባቸው። በዚህ እረፍት በየሰፈራችን ከዐስር ሶላት በኋላ ጥቂት ብንቀመጥ፣ የየትምህርት ክፍላችንን የኮርስ ዝርዝር ይዘን እንሂድ፤ ልጆቹ ከምክራችን ይልቅ እሱን አገላብጠው ይጠይቁናል።