ለቱር ዱ ሩዋንዳ ቡድን ሲዘጋጅ

ብዙ አሠልጣኝ ዝግጅቱን የሚጀምረው ብስክሌተኞቹን በመምረጥ ነው። እኔ ግን ከመንገዱ ጀምሩ እላለሁ። በየካቲት የሚካሄደው የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ዱ ሩዋንዳ፣ 8 ቀን ይፈጃል፤ አሸናፊው የሚለየውም የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ ነው። አገሩ ኮረብታ በኮረብታ ስለሆነ አንድ ቀን ዳገት ላይ የባከነ 5 ደቂቃ ተመልሶ አይገኝም ማለት ይቻላል።

1. መንገዱን አጥኑ። የየቀኑን ዳገትና ቁልቁለት የሚያሳየውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ዋናው ጥያቄ የመጨረሻው ዳገት ከመድረሻው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል የሚለው ነው። ረጅም ዳገት ሩቅ ከሆነ ቁልቁለት የሚችል፣ ደጃፉ ላይ ከሆነ ደግሞ በድንገት መፈትለክ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ኪጋሊ ውስጥ 400 ሜትር ገደማ የሚሆን በድንጋይ የተነጠፈ አቀበት አለ። እዚያ ከኋላ ሆኖ የገባ ብስክሌተኛ ጉልበት ቢኖረውም ፊቱ ያሉት መንገዱን ይዘጉበታል። ስለዚህ ቦታ የሚያዘው ዳገቱ ሳይጀምር ነው።

2. ለማን እንደምትሠሩ ወስኑ። አንድ መሪ፣ አንድ ተተኪ፤ ሌሎቹ ለእነሱ ነፋስ የሚከልሉ፣ ከመኪና ውኃ የሚያመላልሱ ናቸው። ይህን በካምፕ ሳላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ውድድሩ ሲጀመር የሚሰማ ወጣት ቅር ይለዋል፤ ቅር ያለው ሰው ደግሞ ጎማውን ነቅሎ ለመሪው አይሰጥም። በዚህ ስፖርት የሽልማት ገንዘብ ለቡድኑ መከፋፈሉ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው።

3. ተከታታይ ቀናትን ተለማመዱ። 12 ሳምንት ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ለረጅም ርቀት ስጡ። ከዚያ 3 ቀን በተከታታይ ከባድ ዳገት አስወጧቸውና አንድ ቀን አሳርፉ። ማን እንደሚመረጥ የሚነግራችሁ የሦስተኛው ቀን የመጨረሻ ዳገት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ብርቱ ነው። በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ፤ አጫጭር ፈጣን ልምምዶችን ግን አትተዉ።

ኪጋሊ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የሚመጣ ቡድን ሰውነቱን ለማላመድ ሦስት ሳምንት ያህል ከፍታ ላይ መክረም አለበት። አዲስ አበባ ወይም አስመራ የሚለማመድ ይህን በነጻ ያገኘዋል። የውድድሩን አሸናፊዎች ተመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 መርሃዊ ቁዱስ፣ በ2020 እና በ2022 ናትናኤል ተስፋጽዮን፣ በ2023 ሄኖክ ሙሉብርሃን አሸንፈዋል፤ ሦስቱም ኤርትራውያን ናቸው።

4. ሆድንም አሠልጥኑ። ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ብስክሌተኛ በውድድር ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። አንድ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ ጣፋጭ መጠጥ መጨመር ግድ ነው። ያልለመደ ሆድ ይህን ሁሉ አይቀበልም፣ ያስመልሳል። በልምምድ ከትንሽ ጀምራችሁ ሳምንት በሳምንት ጨምሩ። ጠዋት ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ ሩዝ ይብሉ። ሽሮና ባቄላ ለእረፍት ቀን ይቆዩ፤ ሆድ ይነፋሉ።

5. ብስክሌቱን ለዳገት አሰናዱ። ቀላል ማርሽ፣ መለዋወጫ ጎማ፣ ትርፍ ካቴና ይያዝ። ቁልቁለቱ የፍሬን ጎማ ስለሚበላ መካኒኩ በየማታው ይፈትሽ። ዝናብ ከጣለ የጎማውን አየር ትንሽ ይቀንስ።

6. ማታውን ሥርዓት አስይዙት። ብስክሌተኛው መድረሻውን እንዳለፈ ይጠጣ፣ ይብላ፤ ቀጥሎ ወጌሻ፣ ከዚያ እራት፣ ከዚያ እንቅልፍ። እያንዳንዱ የራሱን ኮዳ ብቻ ይጠቀም፤ አንዱን የያዘ የሆድ ሕመም በሁለት ቀን ቡድኑን ያዳርሳል።

ከመተኛታቸው በፊት የነገውን ዳገቶች ኪሎ ሜትርና ምግብ የሚወሰድበትን ቦታ በቀጭን ወረቀት ጽፋችሁ በየብስክሌቱ መሪ ላይ ለጥፉ። የደከመ ሰው የተነገረውን ይረሳል፤ ወረቀቱ ግን ዓይኑ ሥር ነው።