የአባት ድካም በልጅ ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥12) ዘወትር የምናስተምረው ለሕፃናት ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ትእዛዙ ልጆች ወላጆቻቸውን እንዳያስቸግሩ የተነገረ ተግሣጽ ይመስለናል። ጌታችን ግን ይህንኑ ቃል አንሥቶ የወቀሰው ጎልማሶችን፣ ያውም ሕግ ዐዋቂዎችን ነው። ለወላጆቻቸው መጦሪያ የሚገባውን ገንዘብ ቁርባን ነው፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ባዶ እጃቸውን ያስቀሩ ነበርና (ማር. 7፥9-13)። እንግዲህ ትእዛዙ ይልቁንም ራሱን የቻለውን ልጅ ይመለከታል።

የቃሉም ምሥጢር ይህንኑ ያስረዳል። በግእዝ «አክብር» የሚለው «ከብረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ዕብራይስጡ ግን «ካቤድ» ይላል፤ ይህም ከግእዙ «ከብደ»፣ ከአማርኛው «ከበደ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። በዚህ አነጋገር አባትን ማክበር ማለት ክብደቱን ማወቅ፣ አቅልሎም አለማየት ይሆናል። ሕፃን አባቱን ይወድዳል፣ ይፈራል፤ ሊመዝነው ግን ገና አቅም የለውም።

የዮሴፍን ታሪክ እንመልከት። አባቱ ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገልግሏል፤ 14ቱን ስለ ሚስቶቹ፣ 6ቱን ስለ መንጋው። ከላባ ጋር በተካሰሰ ጊዜ ቀን ሐሩር ሌሊት ቁር እንደ ተፈራረቁበት፣ እንቅልፍ ከዓይኑ እንደ ራቀ፣ አውሬ የሰበረውን በግ እንኳ ከራሱ እየከፈለ እንደ ኖረ ይዘረዝራል (ዘፍ. 31፥38-41)። ዮሴፍ ያን ጊዜ የ6 ዓመት ልጅ ያህል ነበር። ሰምቶ ይሆናል፤ የገባው ግን አይመስለኝም።

ያ ልጅ አድጎ በግብፅ ከፈርዖን ቀጥሎ ሁለተኛ ሰው ሆነ። ስሙ ተለውጧል፤ በፍታ ለብሷል፤ የግብፅ ካህን ልጅ አግብቷል፤ ከወንድሞቹ ጋር እንኳ በአስተርጓሚ እስከ መነጋገር ደርሷል (ዘፍ. 41፥42-45፤ 42፥23)። ግብፃውያን ደግሞ በግ ጠባቂን ሁሉ ይጸየፉ ነበር (ዘፍ. 46፥34)። ስለዚህ ሽማግሌውን እረኛ በጌሤም አስቀምጦ፣ እህል እየላከለት፣ ለቤተ መንግሥቱ ሳያሳየው ሊጦረው ይችል ነበር፤ ማን ይወቅሰዋል? እርሱ ግን ሠረገላውን አሰናድቶ ሊቀበለው ወጣ፤ በአንገቱም ላይ አለቀሰ። ቤተ ሰቦቹ እረኞች መሆናቸውን ራሱ ለፈርዖን እንደሚነግር አስታወቀ። (እርግጥ ነው፣ ይህን መናገሩ የጌሤምን ምድር አስገኝቶላቸዋል፤ ቢሆንም ሌላ ሰበብ መፈለግ አያቅተውም ነበር።) ከዚያም የ130 ዓመቱን ሽማግሌ አስገብቶ በፈርዖን ፊት አቆመው። የባረከው እረኛው ነው፤ የተባረከው ንጉሡ (ዘፍ. 47፥7-9)።

እኔ እንደዚህ አላደረግሁም። አባቴ የጎጃም ገበሬ ነበሩ። ለጤፍ የሚሆነውን መሬት አራት አምስት ጊዜ አርሰው አለስልሰው ይዘሩ ነበር፤ ቅኔ ቤት ሳለሁም በሶ ተሸክመው በእግራቸው እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር፣ አንድ ቀን ባዶ እግራቸውን፣ በትራቸውን ይዘው፣ በአቁማዳ ቆሎ አንግተው ከመኝታ ቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጓደኞቼ ማን እንደ ሆኑ ቢጠይቁኝ «የአገሬ ሰው ናቸው» አልሁ። ሰምተዋል፤ አንዳችም አልተናገሩም። ማታ ስንለያይ ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሰጡኝ። ያን ዓመት አንዱን በሬ ሸጠው በቀረው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ እንዳረሱ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ከእናቴ ነው።

ይህን የምጽፈው በስደት ባሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን የማየው ነገር ስላለ ነው። ሌሊቱን በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ሲቀበሉ ወይም ታክሲ ሲነዱ አድረው፣ ቤታቸው ሳይገቡ ለኪዳን የሚደርሱ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሸለብ የሚያደርጋቸው አባቶች አሉ። ከእነርሱም በአገራቸው መምህር ወይም ሹም የነበሩ ይገኛሉ። ልጆቻቸው ተምረው ለማዕረግ በቅተዋል፤ ነገር ግን ስለ አባታቸው ሥራ በተጠየቁ ጊዜ ቃል ሲያጥራቸው አይቻለሁ። የምፈርድበት አፍ የለኝም። ሆኖም አባታችሁ በሕይወት ካለ፣ ስንት ዓመት ሌሊት እንደ ሠራ፣ በብርድ የቆመበት ቦታ የት እንደ ነበረ፣ የመጀመሪያው ደመወዙ ለምን እንደ ዋለ ጠይቁት፤ ቦታውንም ሂዳችሁ እዩት። ሲራክ ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳው፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዲታገሠው ያዝዛል (ሲራክ 3፥12-13)፤ ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቅ የለም።

ለያዕቆብ የልጁ የዮሴፍ እጅ ዓይኑን እንደሚከድንለት ተስፋ ተሰጥቶት ነበር (ዘፍ. 46፥4)። አባቴ ያረፉት እኔ በስደት ሳለሁ ነው፤ ዓይናቸውን የከደነ የሌላ ሰው እጅ ነው። በየዓመቱ በዕለተ ዕረፍታቸው የክርስትና ስማቸውን ጽፌ ለካህኑ ስሰጥ፣ ማን እንደ ሆኑ የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ «አባቴ ናቸው» እላለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።