ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ነጋዴ ዕቃ ለመግዛት ወደ ውጭ አገር ሲነሣ ሱቁንና መጋዘኑን ለወንድሙ ወይም ለሚያምነው ሠራተኛ በውክልና ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው። ወረቀቱ «በማናቸውም ጉዳዬ እንደ እኔ ሆኖ ይሥራ» የሚል ከሆነ ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስለዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ ያለውን ቃል የሚተረጕመው በጠባቡ ነው።

በቁጥር 2203 እንደ ተደነገገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስገኘው የአስተዳደር ሥራ የመሥራትን ሥልጣን ብቻ ነው። ይኸውም ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ዘመን ማከራየት፣ ከባለዕዳ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀን ዕቃና ቶሎ የሚበላሽን ነገር መሸጥም ከዚሁ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ሱቁ አይዘጋም፣ በመጋዘን ያለው ሽንኩርትም አይበሰብስም።

ችግር የሚነሣው ከዚህ ያለፈ ጉዳይ ሲመጣ ነው። ባለቤቱ ዱባይ ሳለ ተወካዩ ለባንክ ብድር ሲል ቤቱን በመያዣ ለማስያዝ ቢፈልግ፣ ያ ሰፊ የሚመስለው ወረቀት አይበቃውም። በቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ የሐዋላ ወረቀት ለመፈረም፣ በክርክር ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ እንዲሁም ለመክሰስና ለተከሰሱበት መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚዘነጋው የክሱ ጉዳይ ነው፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደግሞ ባለቤቱ ከመንገድ እስኪመለስ አይጠብቅም።

እንግዲህ ሥልጣኑን በስም በስሙ መዘርዘር ይገባል። ይህን ስንል ግን ሁሉንም አሳልፎ መስጠት ይሻላል ማለታችን አይደለም። ለሁለት ወር ጉዞ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርጋል? ባንኩን፣ የሒሳቡን ቁጥርና ሊወጣ የሚችለውን የገንዘብ ልክ ለይቶ ማስጻፍ ወካዩንም ተወካዩንም ከጭቅጭቅ ያድናል።

በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ውክልናም ሆነ የውክልና መሻሪያ ተረጋግጦ ይመዘገባል። በቁጥር 2226 ወካዩ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ «አይሻርም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ቃሉ ዋጋ የለውም። ሆኖም የቀድሞው ወረቀት በተሻረው ሰው እጅ ከቀረ የማያውቅ ደንበኛ ይታለልበታል። ስለዚህ ዋናውን ሰነድ ማስመለስ፣ ለባንኩና ለደንበኞችም በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። ልጅ በአባቱ ውክልና ለዓመታት ከባንክ ገንዘብ ሲያወጣ ቢኖርም፣ ከአባቱ ሞት በኋላ ይዞ መቅረብ የሚገባው የወራሽነት ማስረጃ ነው።