ስለ ትልና ስለ ሽንት ቤት

ይህን ርእስ በመኝታ ቤታችን ባነሣን ጊዜ ጓደኞቻችን ሳቁብን፤ አንዳንዶቹም አፍንጫቸውን ያዙ። አንፈርድባቸውም። ለአገራችን ሰው ትል ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው ወስፋትና ኮሶ፣ እነርሱን የመሰለው ሁሉ በሰው አንጀት እየኖረ ሰውን የሚያከሳው ነው። እኛ የምንናገርለት ግን በአፈርና በበሰበሰ ፍግ ውስጥ የሚኖረው የመሬት ትል ነው፤ ይኸውም በሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም፤ ሥራው የበሰበሰውን በልቶ ወደ አፈርነት መለወጥ ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ትል አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟልና እኛ በአንድ ገጽ ብናነሣው አይነውርም።

ሆሳዕናን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ የአብዛኛው ቤት ሽንት ቤት በግቢ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ዱራሜም ሾኔም ሺንሺቾም እንዲሁ ናቸው። ጉድጓዱ ሲሞላ በገጠር ሌላ ይቆፈራል፤ በከተማ ግን ግቢው ጠባብ ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ተከራዮችም በዚያው ይጠቀማሉ። መምጠጫ መኪና ቢገኝ እንኳ በቀጭኑ መንገድ አይገባም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ርእሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሰዉ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

እንግዲህ የትሉ ሽንት ቤት አሠራር እንደዚህ ነው። መቀመጫው በጥቂት ውሃ የሚለቀቅ ሲሆን፣ ከሥሩ በብሎኬት የታነጸ፣ ታቹ ወደ መሬት ክፍት የሆነ አነስተኛ ክፍል አለ። በክፍሉ ውስጥ ከታች ጠጠርና አሸዋ፣ ከላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ፍግ ይነጠፋል፤ ትሎቹ በዚያ ይለቀቃሉ። ውሃውና ሽንቱ በንጣፉ አልፎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ዓይነ ምድሩ ከላይ ቀርቶ ትሎቹ ይበሉታል። ከዓይነ ምድር አራት እጅ ሦስት እጁ ውሃ ስለሆነ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ጥቂት ጥቁር አፈር መሰል ፍግ ብቻ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ትል ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ምግባቸው መጠን ራሳቸው ይራባሉ። ክፍሉም ለዓመታት ሳይከፈት ይቆያል።

ይህ በሕንድ አገር በብዙ ቤቶች ተሠርቷል፤ ኦክስፋም የተባለው ድርጅትም በላይቤሪያና በአገራችን ሞክሮታል። ለሥራው የተመረጠው ትል ኢዜኒያ ፌቲዳ ይባላል፤ በአካሉ ላይ ስላሉት መስመሮች ፈረንጆች የነብር ትል ይሉታል። በአገራችን የምርምር ማእከሎች ለኮምፖስት ሲረባ ቆይቷልና ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም። የሚስማማው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ለምትገኘው ሆሳዕና ይህ መልካም ወሬ ነው። የሚያሰጋን ክረምቱ ነው። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ፣ ውሃ በማይሰርግበት ሸክላ አፈር ላይ የተሠራ ክፍል ጎርፍ ከገባበት ትሎቹ ታፍነው ያልቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የእንሰት ነገር ነው። በሀዲያና በከምባታ እንሰት ከጓሮ አይለይም፤ የሚፋፋውም በፍግ ነው፤ ፍጉን ከበረት ጠርገው ወደ ጓሮ የሚያወጡትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከብት በሌለው የከተማ ቤት ያ ጥቁር ፍግ ሲታይ ወደ እንሰቱ ሥር መውሰድ ማንንም ያጓጓል። ነገር ግን ትሎቹ ብዙውን ተሕዋስ ቢቀንሱም የወስፋት እንቁላል ጽኑ ነው፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቆጮ በእሳት ስለሚበስል በላተኛው አይፈራ ይሆናል፤ እንሰቱን ነቅላ፣ ግንዱን ፍቃ፣ በጉድጓድ የምትቀብረዋ ሴት ግን ቀኑን ሙሉ እጇ ከአፈሩ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በማይበልጥ አገር እንዲህ ያለው ፍግ ለእርሻ ከመዋሉ በፊት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከማችቶ እንዲቆይ ያዛል። ስለዚህ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማፈራረቅ ይሻላል እንላለን፤ ወጪው እንደሚጨምር አልዘነጋንም።

ሌላው አመድ ነው። እናቶቻችን ሽታንና ዝንብን ለመከላከል በጉድጓዱ ውስጥ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ለተራው ጉድጓድ ደግ ልማድ ነው። ለትሎቹ ግን አመድም በረኪናም ገዳይ ነው። የግቢው ሰዎች ይህን ቢያውቁ እንኳ ተከራይ ይለዋወጣል፤ አዲሱ ገቢ በመጀመሪያው ማለዳ በቅን ልብ አንድ ጣሳ አመድ ቢደፋ የሁለት ዓመት ሥራ ይጠፋል። ከመካከላችን አንዱ በበሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ አለ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሀዲይሳና በከምባቲሳም ይጻፍ ብለን ተስማማን፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አመድ የያዘ ጣሳ ተሥሎ በቀይ ቀለም ይሰረዝ።